«ጋዝ አለቀ»፦ የቤት ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣና ማናፈሻ ሙያ አማርኛ ሲመረመር

የቤት ባለቤት ለሳሎኑ ማቀዝቀዣ ወይም ለመኝታ ቤቱ ማሞቂያ የሚተክልለትን ባለሙያ ሲመርጥ፣ በእጁ የሚገኘው መመዘኛ በአብዛኛው ቃል ብቻ ነው። ማሽኑን ከፍቶ አይመረምረውም፤ በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረውን ነገር አያየውም፤ ሥራው በትክክል መሠራት አለመሠራቱንም የሚያውቀው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያውም ነገሩ በጥገና ሒሳብ መልክ ሲመጣበት ነው። አስቀድሞ የሚያገኘው የዋጋ ማቅረቢያውን፣ የዋስትናውን ወረቀት፣ ከማሽኑ ጋራ የሚመጣውን መመሪያ ትርጉምና የባለሙያውን የቃል ማብራሪያ ነው። በእነዚህ ሁሉ ያለው አማርኛ ልዩነትን የማያሳይ ከሆነ፣ ምርጫ የሚባለው ነገር ከስም አያልፍም። በዚህ መጣጥፍ የምንመረምረው ይህንኑ አማርኛ ነው። ነቀፋችን በአነጋገሩ ላይ እንጂ በድርጅቶች ላይ ስላልሆነ የማንንም ስም አንጠራም።

የሙያ ቃላት ጉዳይ በሀገራችን በተነሣ ቍጥር በመጀመሪያ የሚታሰበው የስም ፍለጋ ነው። ይህ ክፍል ምን ይባል፣ ያ መሣሪያ ምን ይባል እየተባለ ብዙ ጉባኤ ተደርጓል፤ ብዙም ፍሬ ተገኝቷል። በ1989 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ድካም ውጤት ነው፤ ተርጓሚዎችም ሲገለገሉበት ኖረዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ መዝገብ በጠባዩ ለስም ያደላል፤ የዕቃና የክፍል ዝርዝር ለመሰብሰብም ለመሰየምም የተመቸ ነውና። እኛ የምንለው፣ በቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሙያ ረገድ ተገልጋዩን የሚጎዳው የስም እጥረት አይደለም የሚል ነው። ኮምፕሬሰር «ኮምፕሬሰር» ቢባል የሚጎዳ ሰው የለም፤ እንዲያውም «መጭመቂያ» ይባል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት ቢያገኝ ኖሮ አንባቢው ስለ ብርቱካን ባሰበ ነበር። ደንበኛው ሁለት ባለሙያዎችን የሚያወዳድረው በዕቃው ስም አይደለም፤ በሚሠሩት ሥራ ነው። ሥራን የሚናገረው ደግሞ ግሥ ነው። ማሽኑ ምን ሆነ? ባለሙያው ምን አደረገ? ምን ሳያደርግ ቀረ? ድክመቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሁሉም አፍ የሚገኘውን አነጋገር እንውሰድ፦ «ጋዝ አልቋል፤ ይሞላ»። ማቀዝቀዣው እንደ ቀድሞው አላቀዘቅዝ ሲል የመጀመሪያው፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው ፍርድ ይህ ነው። «ጋዝ» የሚለው ቃል በአማርኛ የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን ጋዝ ማለት በኩራዝና በፋኖስ የሚነደው፣ በሌላ ስሙ ላምባ የሚባለው ነዳጅ ነበር። ቀጥሎ በሲሊንደር የሚመጣው ቡታጋዝ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ሁለቱም ይነዳሉ፤ የሚነድ ነገር ያልቃል፤ ሲያልቅም ይሞላል። በማቀዝቀዣ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወረው ነገር «ጋዝ» ተብሎ ሲሰየም ይህ ሁሉ ትዝታ ከስሙ ጋራ አብሮ ገባ። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት «ጋዝ አለቀ» ሲባል አይደነቅም፤ ቡታጋዙም ያልቃልና። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ያ ነገር ነዳጅ ሳይሆን ከቤት ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ ወደ ደጅ የሚያወጣ፣ ሙቀቱንም አራግፎ የሚመለስ ነው። አንድ ጊዜ ፈሳሽ፣ አንድ ጊዜ ጋዝ እየሆነ በዝግ ቱቦ ውስጥ ይመላለሳል እንጂ አይቃጠልም። በደኅና የተተከለ ማሽን ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳይጨመርለት እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ከተከላው ጀምሮ አጉድለው ካልሞሉት በቀር፣ ቀንሶ መገኘቱ የሚያመለክተው ቱቦው ወይም መጋጠሚያው የሆነ ቦታ ላይ የተከፈተ መሆኑን ነው።

እንግዲህ «አለቀ» የሚለውን ግሥ እናስተውለው። «አለቀ» ባለቤቱን ብቻ የሚፈልግ፣ አድራጊ የሌለው ግሥ ነው። ስኳር አለቀ፣ ዘይት አለቀ፣ ወሩ አለቀ እንላለን፤ ማን ጨረሰው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በአገልግሎት ያለቀ ነገር ነውርም ጥፋትም የለበትምና። አሁን በዚህ ምትክ «ማሽኑ ያፈሳል» ብንልስ? ጣሪያው ያፈሳል፣ በርሜሉ ያፈሳል ሲባል የሰሚው አእምሮ ወዲያው ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፤ የሚቀጥለውም ጥያቄ «በየት በኩል?» የሚል ይሆናል። ከዚህም የሚቀርብ ቃል አለ። ጎማ ሲጎድል «ተነፈሰ» እንላለን፤ ቀስ እያለ ሲጎድል ደግሞ «ያስተነፍሳል» ይባላል። ማንኛውም ባለመኪና ወደ ጎሚስታ ሄዶ የሚለው ይህን ነው። ጎሚስታውም የተነፈሰውን ጎማ ነፍቶ ብቻ አይሸኘውም፤ ከመናረቢያው ጎማውን በውኃ ውስጥ እያገላበጠ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል፣ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ይነፋዋል። በየወሩ እየነፋ ገንዘብ የሚቀበል ጎሚስታ ቢኖር ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበት ነበር። በየዓመቱ «ጋዝ የሚሞላ» የማቀዝቀዣ ባለሙያ ግን አይሳቅበትም፤ እንዲያውም ታማኝ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሙያ አይደለም፤ የግሥ ነው። «ተነፈሰ» ቀዳዳን ያሳያል፤ «አለቀ» ይሸፍናል።

በስሙም በኩል ቢሆን መስተካከል የሚገባው ነገር አለ። «ጋዝ» በሚለው አንድ ቃል ሥር የሚጠሩት ነገሮች እርስ በርሳቸው የማይተካኩ ናቸው። አር-22 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት በመውጣት ላይ የሚገኝ ነው፤ እርሱን የተካው አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፣ ነገር ግን የሚሠራው እጅግ ከፍ ባለ ግፊት ስለሆነ ለአንዱ የተሠራ ማሽን ሌላውን አይችልም፤ ምድርን በማሞቅ ኃይሉም ብርቱ በመሆኑ እርሱና መሰሎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በተደረገው ማሻሻያ እንዲቀነሱ ተወስኗል። አሁን በብዙ አዳዲስ ማሽኖች ውስጥ የሚገኘው አር-32 በመጠኑ ይቀጣጠላል፤ አር-290 የሚባለው ደግሞ ፕሮፔን ነው፣ ማለትም በአንዳንድ አገር ምግብ የሚበስልበት ጋዝ ራሱ ነው። «ጋዝ ሞላሁልዎ» ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ከነዚህ የትኛውን እንደሞላ አልተናገረም። በበኩላችን «ሙቀት አመላላሽ» የሚለውን ስያሜ ለአንባብያን አስተያየት እናቀርባለን። አመላላሽ የሚሄድና የሚመለስ ነው፤ ሠራተኛ አመላላሽ መኪና ሠራተኛውን አድርሶ ይመለሳል እንጂ አያልቅም። «ሙቀት አመላላሹ አለቀ» የሚለው አነጋገር ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ መሆኑ ራሱ የስያሜው ጥቅም ነው። ዓይነቱም በቍጥሩ ይከተለው፦ ሙቀት አመላላሽ አር-32። ቃሉ ረዘመ የሚል ቢኖር በማሽኑ ላይ ከተለጠፈው የአምራቹ ጽሑፍ እንደማይረዝም እናስታውሰዋለን።

ማቀዝቀዣ የሚደክመው በመተንፈስ ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን፣ የደጁ ክፍል በግድግዳና በዕቃ ሲታፈን፣ ውስጡ በረዶ ሲሠራ ያው ድካም ይታያል። እነዚህን ሳይመለከትና ሳይለካ በበሩ ሲገባ «ጋዝ ነው» የሚል ባለሙያ ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት ሻጭ ነው።

ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው የአረፍተ ነገሩ ጉዳይ ነው። በዋጋ ማቅረቢያዎችና በማስታወቂያዎች ላይ የሚነበበው አማርኛ ከሞላ ጐደል በዘርፍና በጥሬ ስም የተሞላ ነው፦ «የኤሲ ገጠማ፣ ጥገናና ሰርቪስ፤ የጋዝ ሙሌት፤ ሙሉ ዋስትና»። ይህ አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው የሒሳብ ወረቀት ልማድ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ለአጭርነት ይጠቅማል፤ በአማርኛ ግን ትልቅ ነገር ያስጥላል። የአማርኛ ግሥ በአንድ ቃል ውስጥ አድራጊውንም ተደራጊውንም ተሸክሞ የሚሄድ ነው። «እንጠግነዋለን» ስንል ማን እንደሚጠግን፣ ምን እንደሚጠገን፣ መቼ እንደሚጠገን ሁሉ በቃሉ ውስጥ አለ፤ ከቃሉ ያፈነገጠ ሰው «አልኩ» ወይም «አላልኩም» ለማለት አይመቸውም። «ጥገና» ሲባል ግን አድራጊው ጠፍቷል፣ ተደራጊው ጠፍቷል፣ ጊዜውም ጠፍቷል። ቋንቋችን ያለ ዋጋ የሰጠንን ማሠሪያ በገዛ እጃችን ፈታነው ማለት ነው።

የጎዳና ማስታወቂያዎችን አስመልክቶ ሊቀርብብን የሚችለውን መከራከሪያ እናውቃለን። «ጎማ ይጠገናል»፣ «ቍልፍ ይቀረጻል»፣ «ልብስ ይሰፋል» የሚሉት ሁሉ በተደራጊ ግሥ የተጻፉ ናቸው፤ ታዲያ «ጋዝ ይሞላል» ቢባል ምን ነውር አለው? መልሳችን ይህ ነው፦ በጎዳና ላይ አድራጊው ከጽሑፉ ሥር ተቀምጧል። ቍልፍ ቀራጩ ወንበሩ ላይ ስላለ ግሡ እርሱን መጥራት አላስፈለገውም። በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ግን አድራጊው በቦታው የለም፤ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነም አይታወቅም፤ ወረቀቱ የሚያገለግለውም እርሱ በሌለበት ጊዜ ነው።

ለንጽጽር ያህል ከላይ የጠቀስነውን ዓይነት ማስታወቂያ እንዲህ አድርገን ጽፈነዋል፦ «ቤቱን መጥተን እንለካለን፤ የመስኮቱን፣ የጣሪያውንና የሰዉን ቍጥር አይተን የሚያስፈልገውን አቅም አስልተን በጽሑፍ እንሰጣለን። ቱቦውን ከገጠምን በኋላ በናይትሮጅን ግፊት ፈትነን የማያስተነፍስ መሆኑን እናሳያለን። አየሩንና እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ መጠን ከሠራን በኋላ ሙቀት አመላላሹን በሚዛን እንለቃለን። በዓመት ሁለት ጊዜ መጥተን ማጣሪያውን እናጥባለን፣ የውኃ መውረጃውን እንጠርጋለን፣ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎቹን እናጠብቃለን።» ይህ ጽሑፍ አንድም አዲስ የሙያ ስም ለማስተማር አይሞክርም፤ ከአንዱ በቀር የገቡት ቃላት ሁሉ ቀድሞ የነበሩ ናቸው። ነገር ግን ሁለት ባለሙያዎች በዚህ አኳኋን ጽፈው ቢያቀርቡ፣ ምንም የማያውቅ ደንበኛ እንኳ አንደኛው የናይትሮጅኑን ፈተና መተዉን ያያል። በ«ገጠማ» ውስጥ ግን መተዉም መደረጉም አንድ ነው።

ወደ ማናፈስ እንለፍ። እዚህ ላይ የምናገኘው ስሕተት ከሁሉ የቈየውና ከሁሉ የተለመደው ነው። ቤትን ማናፈስ ማለት የቈሸሸውን የውስጥ አየር አውጥቶ የደጁን ንጹሕ አየር ማስገባት ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ማቀዝቀዣ ይህን አያደርግም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ፣ እያቀዘቀዘ መልሶ ይለቀዋል። አሥር ሰው የተቀመጠበት ዝግ ሳሎን ቢቀዘቅዝም አየሩ ያው የአሥሩ ሰዎች ትንፋሽ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ «አየር ማቀዝቀዣ» ስለሚባል፣ ከፊቱም ነፋስ ስለሚወጣ፣ ገዥው አየር የገዛ ይመስለዋል። «ቬንትሌተር» የሚባለውም ከዚህ አይሻልም። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ማናፈስን የሚያመለክት ነው፤ የተሰየመለት ዕቃ ግን ያለውን አየር ያራግባል እንጂ አየር አይለውጥም። አማርኛ «ማራገብ» እና «ማናፈስ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ግሦች እያሉት፣ ልዩነቱን የማያውቀውን ባዕድ ቃል ለሁለቱም ማዋሉ የሚያሳዝን ነው። «አናፈሰ» ከ«ነፈሰ» የወጣ፣ «መናፈሻ»ን የወለደ፣ ከ«ተነፈሰ» ጋራ የሚዛመድ ሰፊ ቤተሰብ ያለው ቃል ነው። እናቶች ጧት መስኮት ከፍተው ቤት ሲያናፍሱ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ሠራተኛ ቀጥሮ ቤት የሚያሠራ ሰው «ይህ ማሽን ያናፍሳል ወይስ ያራግባል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከብዙ ቴክኒካዊ ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል። (በታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ነፋስ ይመታናል» ተብሎ እንደሚወገዝ አልዘነጋንም፤ ግን ይህ የቃል ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ነው።)

«ኤር ኮንዲሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ራሱ መጀመሪያ ስለ ቅዝቃዜ አልነበረም። ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት መሣሪያውን ሲነድፍ ችግሩ እርጥበት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠና እየተኰማተረ ቀለሙ ቦታውን ይስት ስለ ነበር ነው። ስያሜውን ያወጣው ስቱዋርት ክሬመርም እ.ኤ.አ. በ1906 በጥጥ ፋብሪካዎች ስለሚደረገው የአየር እርጥበት ማስተካከል ሲናገር ነው፤ ቃሉን የወሰደው ክርንና ጨርቅን በእርጥበት ከማዘጋጀት ልማድ ነው። ስለዚህ በስያሜው ውስጥ ያለው ሐሳብ አየርን ለሚፈለገው ነገር ተስማሚ ማድረግ ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ጠብቀውታል። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በአማርኛቸው ውስጥ የሚጠሩት «ማዝጋን» ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን፣ «የአየር ጠባይ» ከሚባለው የዕብራይስጥ ቃል ጋራ አንድ ሥር አለው። በዓረብ አገሮች ሠርተው የተመለሱት የሚሉት «ሙከየፍ»ም ሁኔታን ከሚያመለክተው ሥር የተገኘ ነው። አማርኛ ግን «ማቀዝቀዣ» ብሎ ከአራቱ ተግባር፣ ማለትም ከሙቀት፣ ከእርጥበት፣ ከእንቅስቃሴና ከንጽሕና፣ የአንዱን ግማሽ ብቻ ያዘ። እኛ «የአገሩ አየር ተስማማኝ»፣ «አልተስማማኝም» የሚል የቈየ አነጋገር አለን። ከዚህ «አየር ማስማሚያ» ቢወጣ፣ አራቱንም ተግባር ለሚያከናውን ሥርዓት ስም ይሆናል፤ የሚያቀዘቅዘው ብቻ ደግሞ «ማቀዝቀዣ» እንደተባለ ይቅር። እንዲህ ሲለይ ደንበኛው የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚህ የሚከብደው የማሞቂያው አማርኛ ነው፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና። በደጋው ከተማ በክረምት ሌሊት ከሰል አፋፍሞ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት የቈየ ልማድ ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ሲሞት የሚነገረውና የሚጻፈው «በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ» ተብሎ ነው። በዚህ አጭር አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ ሁለቱም ይገድላሉ። «ጭስ» የሚታይ፣ የሚሸት፣ ዓይን የሚያስለቅስ ነው። ይህን የሰማች እናት ከሰሉን በደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ቀይ ፍም ሲሆን ታስገባዋለች፤ «ጭሱ ወጥቷል» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ጭሱ ወጥቷል። የሚገድለው ግን ጭስ አይደለም፤ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ እርሱም ከቀይ ፍም ይወጣል። «ታፈነ» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። የታፈነ ሰው ይታገላል፣ ይነቃል፣ በር ይከፍታል ብለን እናስባለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከደም ጋራ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ሲሆን፣ ራስ ምታትና ድካም አስከትሎ በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ነገሩ መታፈን ሳይሆን መመረዝ ነው። ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች «በከሰል መርዝ ሞቱ» ቢሉ ቃሉ ራሱ ያስጠነቅቅ ነበር። በየቤቱ ማሞቂያ ለመትከል የሚመጣውም ባለሙያ የሚነድ ነገር ያለበት መሣሪያ ሲያቀርብ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ጭስ አለው?» ተብሎ አይደለም፤ «የተቃጠለው አየር በየት በኩል ይወጣል?» ተብሎ ነው።

በዚሁ ረገድ በሰሜን አሜሪካ ያሉ ተርጓሚዎቻችን ሸክም ከባድ ነው። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከወጣ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶችን ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። በዚያ አገር ብዙው ቤት የሚሞቀው በምድር ቤት ወይም በጓዳ ተተክሎ ሞቃት አየር በቱቦ በሚያሰራጭ መሣሪያ ነው። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ተርጓሚ ለዚህ የሚያገኘው አቻ «እቶን» ነው። «የእቶንዎን ማጣሪያ በየሦስት ወሩ ይለውጡ» የሚለውን ያነበበ ተከራይ ሠለስቱ ደቂቅን ያስታውስ ይሆናል እንጂ ጓዳውን አይከፍትም። ሕዝቡ «ሂቲንግ» ይለዋል፤ ይህም ክፉ አይደለም። «የቤት ማሞቂያ ማሽን» ቢባል ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው «የሙቀት ፓምፕ» ተብሎ በቀጥታ የተተረጐመው ነው። በኛ ቤቶች ፓምፕ ማለት ውኃ ወደ ሮቶ የሚሰቅለው ነው። ይህ መሣሪያ ግን ማቀዝቀዣው ራሱ ሆኖ አካሄዱ የሚገለበጥ፣ በበጋ ሙቀት ከውስጥ ወደ ደጅ፣ በብርድ ጊዜ ከደጅ ወደ ውስጥ የሚስብ ነው። አንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ የሚወስድ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ሲሰጥ፣ ይህኛው በመጠነኛ ብርድ ሦስት ያህል ይሰጣል። «ማቀዝቀዣ» እና «ማሞቂያ» ተብለው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች እስከሆኑ ድረስ፣ የአዲስ አበባ ሰው በሐምሌ ብርድ ማቀዝቀዣ መደብር አይገባም፤ የሚያዋጣውም ዕቃ እዚያ መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። «ውኃ መሳቢያ» እንደምንለው «ሙቀት መሳቢያ» ማለት ይቻላል፤ የጠረጴዛ መሳቢያ ይመስላል ለሚል፣ «ውኃ መሳቢያ» ያንን ሥጋት አልፎ እንደኖረ እንነግረዋለን።

ስለ መለኪያዎች በአጭሩ እንለፍ። ሻጩ «ባለ 12 ሺህ» ሲል በሰዓት 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. ሙቀት የሚያወጣ ማለቱ ነው፤ ይኸው በሌላ ወረቀት «አንድ ቶን» ይባላል፣ በሌላው ደግሞ በፈረስ ጉልበት ይጻፋል፣ በሌላው 3.5 ኪሎዋት ይሆናል። «ቶን» ክብደት አይደለም፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ለማቅለጥ ከሚፈጀው ሙቀት የተወሰደ ልክ ነው። ኪሎዋቱም የሚወጣው ሙቀት እንጂ የመብራት ሒሳብ ላይ የሚቈጠረው አይደለም፤ ያኛው አንድ ኪሎዋት ገደማ ነው። ተርጓሚው «የማቀዝቀዝ አቅም» እና «የሚወስደው ኤሌክትሪክ» ብሎ ሁለቱን ሳይለይ ቍጥር መጻፍ የለበትም። በተጨማሪም የአምራቹ ቍጥር የባሕር ወለል ቍጥር ነው። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ለድሬዳዋ ወይም ለሰመራ የሚሆነው ስሌት ለአዲስ አበባ አይሆንም፤ ይህን የማያነሣ ባለሙያ ቍጥሩን ከካታሎግ ገልብጧል። «ኢንቨርተር» የሚለውም ቃል በሁለት ቦታ ተይዟል፦ መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውና የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንዳስፈላጊነቱ የሚለዋውጠው። «ኢንቨርተር ኤሲ» የገዛ ሰው መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ለምን እንደቆመ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

«ሰርቪስ» ግን ከሁሉ ይብሳል። ይህ ቃል በአማርኛ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራው ክፍል ነው፤ የሥራ ዘመን ነው፤ የመኪና ዘይት ቅየራ ነው። በማቀዝቀዣ ውል ላይ «በዓመት ሁለት ጊዜ ሰርቪስ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ምንም አይደለም። ማጣሪያ አራግፎ መሄድም ሰርቪስ ነው፤ ግማሽ ቀን ሲፈትሹና ሲለኩ መዋልም ሰርቪስ ነው። «ዋስትና»ም እንዲሁ የዕቃውን ዋስትና ከሥራው ዋስትና ሳይለይ ይጻፋል። አምራቹ ለኮምፕሬሰሩ ዋስ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው ላጠበቀው መጋጠሚያ ግን ዋስ አይሆንም፤ የሚያስተነፍሰውም አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያው ነው። ዋስ በሀገራችን ሕግና ልማድ ስም ያለው ሰው ነው። ማን ለምን እንደዋሰ የማይናገር ዋስትና ዋስ የለውም።

በመጨረሻ ሥራው ሲያልቅ ስለሚደረገው ነገር አንድ ቃል እንጨምር። ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ተፈትሾ፣ ተለክቶ፣ ለባለቤቱ የሚሰጥበት ሂደት በመመሪያዎች ትርጉም ውስጥ «ማስጀመር» ይባላል። ማስጀመር ግን ቍልፍ መጫን ነው፤ አንድ ሰው ይበቃዋል። በግንባታ ሥራ ልማድ የቈየው «ርክክብ» ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ «ተረካከበ» ከሚለው የመደራረግ ግሥ የወጣ ስለሆነ ሁለት ወገን ሳይገኝ አይፈጸምምና። በርክክቡ ወረቀት ላይ ሊጻፉ የሚገባቸውም ጥቂት ናቸው፦ ወደ ማሽኑ የገባው አየር ሙቀት፣ ከማሽኑ የወጣው አየር ሙቀት፣ የሙቀት አመላላሹ ዓይነትና በግራም የተመዘነው መጠን፣ የግፊት ፈተናው ውጤት፣ ቀኑ፣ ከዚያም የሁለቱ ወገኖች ፊርማ።